የቤተሰቡ ኃላፊ በአካል ይቅረብ

ካይሮ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለእስከዳር ቦጋለ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የመድኃኔዓለም ሰላም በቤታችሁ ይደር። እንደምን ከርመሻል ልጄ? ወንድሜስ እንዴት አለልኝ? እኔ ጥርሴም ጉልበቴም ቢቀንስ ነፍሴ አለች፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

በስልክ መናገሩን ትቼ የምጽፍልሽ፣ ቦጋለ ምላሱ ከታሰረ ወዲህ ስልክ ጆሮው ላይ ሲያደርጉለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል ስላልሽኝ ነው። አልፈርድበትም። እየሰማ መመለስ ለማይችል ሰው ስልክ ማሾፍ ነው፤ ደብዳቤ ግን ቶሎ መልስልኝ አይልም። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለሽ አንብቢለት። ጎረቤቴ ሐጀራ፣ የአንዋር መስጊድ ሰፈር ልጅ ናት፣ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ከምትሠራበት ቤት የምትወጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ብዘገይ ክፉ አታስቢ።

ካርቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁበት ጋራዥ በጦርነቱ መቃጠሉን ታውቂያለሽ። ወረቀቶቼም አብረው ነደዱ። በ1983 የጦር ሠራዊት ሜካኒክ ሆኜ በሑመራ በኩል ስወጣ ከጦርነት የሸሸሁት ለመጨረሻ ጊዜ መስሎኝ ነበር። በስድሳ አምስት ዓመቴ ደግሞ እንደገና ሮጥኩ። በእኔ ሙያ መኪና ሲበላሽ የተበላሸውን ዕቃ እናወጣለን። አገር ሲበላሽ ግን ሁልጊዜ የሚቀይሩት ሹፌሩን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኤምባሲ ሄጄ በደህና አነጋገሩኝ። አገሬ የሚያስገባኝን ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ የሚሉትን፣ ለመስጠት ድሮ የተመዘገብኩበት ቀበሌ፣ አሁን ወረዳ የሆነው፣ «ይህ ሰው የእኛ ነው» የሚል አንድ ገጽ እንዲጽፍ ይፈልጋሉ። አንቺ ደግሞ በዚያው ወረዳ ኮምፒውተሩን የምትሠሪ ነሽ። እግዚአብሔር ሲረዳ እንዲህ ነው ብዬ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቲኬቱን ገንዘብ ይዣለሁ፤ ከአንቺ የምለምነው ያችን አንድ ገጽ ነው። አባታችን ሲሞት እኔን ያሳደገኝ ቦጋለ ነው። ዓይኑን ሳላየው እንዳልቀር፣ ወይም እሱ ሳያየኝ እንዳይቀር እፈራለሁ።

አጎትሽ ዱባለ ይገረም


አዲስ አበባ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዱባለ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንደምን ሰነበቱ? የራጉኤል ጥላ አይለይዎ። ደብዳቤዎን ለአባዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። በመጀመሪያው አለቀሰ። በሁለተኛው «ሹፌሩን ብቻ» የሚለው ጋ ስደርስ በሚሠራው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። እንደገና አንብቢልኝ ማለቱ መሰለኝ፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ሳልነግርዎ የቆየሁት ነገር አለ። ከራጉኤል ጀርባ የነበረው ቤታችን መስከረም ላይ ለልማት ፈርሷል። አሁን አስፋልቱን ተሻግረን ወደ አውቶቡስ ተራ በሚወስደው መንገድ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። የምናለሽ ተራ መዶሻ እዚህም ይሰማል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ሰው ስለሆነ ጩኸቱ ያስተኛዋል፤ የሚነቃው ሲያቆም ነው።

ታዲያ ያ አስፋልት የሁለት ወረዳዎች ድንበር ነው። በእግር ከተሻገሩት ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ። በሲስተም ከተሻገሩት ግን አገር ለቀዋል።

የእርስዎ ስም አለ ጋሼ። በደርግ ጊዜ በተሞላው የቤተሰብ ቅጽ ላይ «ዱባለ ይገረም፣ የኃላፊው ወንድም» ተብሎ ተጽፏል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ችግሩ እንዲህ ነው። ቤት ሲፈርስ የቤት ቁጥሩ ይሰረዛል። ቁጥሩ ሲሰረዝ ቅጹ ይቆለፋል። ቅጹ እንዲከፈት ቤተሰቡ ከአሮጌው ወረዳ መሸኛ አውጥቶ አዲሱ ወረዳ መመዝገብ አለበት። መሸኛ ለማውጣት ደግሞ የቤተሰቡ ኃላፊ በአካል መቅረብ አለበት። የቤተሰቡ ኃላፊ አቶ ቦጋለ ይገረም ናቸው። አቶ ቦጋለ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመቅረብ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ።

በእኛ ሙያ አንድ ፕሮግራም እንዲህ ራሱን እየጠራ መውጫ ሲያጣ ኮምፒውተሩ ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ይቆማል። ቢሮ ግን በዚህ አዙሪት ውስጥ ሲዞር አይሞቅም። ሻይ ይጠጣል።

ሕጉን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም ወይ እንዳይሉኝ። የጻፈው ኮሚቴ ነው፤ እኔ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ነው የለወጥኩት። «የታመመ ሰውስ እንዴት ይሁን?» ብዬ በስብሰባ ጠይቄ ሰብሳቢው «በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል» አሉኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ በእኛ ቢሮ እንደ መንግሥተ ሰማያት ነው፤ ሁሉም ያምንበታል፣ አይቶት የተመለሰ ግን የለም። ሰብሳቢው በግምገማ ተነሡ። የተተኩት ወይዘሮ አዲስዓለም የመጀመሪያ ትእዛዛቸው የገጹ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ እንዲለወጥ ነበር። ተጨብጭቦልኛል።

አይዞዎ። የታመመ ኃላፊን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያይ ኮሚቴ አለ ብለውኛል፤ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ለጊዜው የኮሚቴው መኪና ጋራዥ ናት።

አባዬ ሰላም ይልዎታል። እንዴት እንደሚል ያውቃሉ።

የወንድምዎ ልጅ እስከዳር


ካይሮ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ደብዳቤሽ ቶሎ ነበር የደረሰው። ሐጀራ አሠሪዋ ስልኳን ስለያዘችባት ነው የዘገየሁት።

የቤቱን መፍረስ ባትነግሪኝም ጠርጥሬ ነበር። እዚያ ቤት ጓሮ የመጀመሪያ ሞተሬን ፈትቼ መልሼ መግጠም አቅቶኝ ቦጋለ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ ሸጦልኛል። ይህን አንብቢለት፤ ከሸጠበት ገንዘብ ለእኔ ምንም እንዳልሰጠኝ እንዳልረሳሁ ንገሪው።

ያቺ የኮሚቴው መኪና ምን ሆና ነው? ጠይቂና ጻፊልኝ። ፍሪሲዮን ከሆነ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ካምቢዮም ቢሆን በሳምንት ያልቃል። ከዚያ በላይ ቆማለች ካሉሽ የታመመችው መኪናዋ አይደለችም።

ልጄ፣ እዚህ ወረቀት የሌለው ሰው ደረጃ ላይ እግሩን አያሰማም። ከእኛ በታች ካለው ፎቅ ሁለት የአገራችን ልጆች በፖሊስ ተወሰዱ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ ለራሴ አልፈራም፣ እኔ ምን ቀርቶኛል። የምፈራው እነዚህ ሰዎች ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ወስደውኝ ከወንድሜ እንዳልርቅ ነው።

እንዲህ ማለቴን ለቦጋለ አታንብቢ። አንቺ ሲስተሙን የምታውቂው ልጅ፣ ቁልፉ በእጅሽ ያለ፣ ያንን የተቆለፈ ቅጽ አንዴ በጣትሽ ብትነኪው አይሆንም? ውሸት አትጽፊም። ወንድሙ ነኝ።

አጎትሽ ዱባለ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዱባለ፣

እንደምን አሉ ጋሼ? አምላክ ከክፉ ዓይን፣ ደረጃ ላይ ከሚመጣም ኮቴ ይሰውርዎ። ስለ ሞተሩ ሳነብለት አባዬ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲያፍር እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

መኪናዋ ፍሪሲዮንም ካምቢዮም አይደለችም። የጎደላት የጥገና ጨረታ ነው። አንድ ተጫራች ብቻ ስለቀረበ ተሰርዞ እንደገና ወጥቷል።

ስለዚህ ኮሚቴው ካልመጣ እኛ እንሂድ አልን። ጎረቤታችን ጁነዲን፣ የቤት ዕቃ ጅምላ ሻጩ፣ ከሱቁ ጠንካራ የላስቲክ ወንበር አወጣ። ከአውቶቡስ ተራ ሁለት ተሸካሚዎች ጠራ፤ ሦስተኛውና አራተኛው እሱና እኔ ሆንን። እሱ ረመዳን ላይ፣ እኔ ሁዳዴ ላይ፣ ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ። አባዬን በጋቢ ጠቅልለን አስፋልቱን አሻገርነው። ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ፣ መንገድ!» ሲሉ ሰዉ ዕቃ መስሎት ዞር ይላል፤ ሰው መሆኑን ሲያይ ደግሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጁነዲን «አልሞተም! ወረዳ ነው የምንወስደው!» እያለ ይጮኻል። አንዲት ሴትዮ «ያው አይደል» አለች። አባዬ ሳቀ ጋሼ፤ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እምነት ትባላለች። «ሲስተም የለም» አለችኝ።

«እምነትዬ፣ ሲስተሙን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እስኩዬ፤ መብራት ነው የጠፋው።»

ጄኔሬተር አለን። የነዳጁ በጀት አልተለቀቀም። አባዬ ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ሲመጣ ጥላ፣ ነፋሱ ሲመጣ ግድግዳ እየቀያየርንለት ዋለ። መብራቱ የመጣው ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ነው። ከምሳ በኋላ ሲስተሙ ሠራ። የቤተሰቡ ኃላፊ በቅጹ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ በቃሉ ማረጋገጥ አለበት።

እምነት «አቶ ዱባለ ይገረም ወንድምዎ ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

አባዬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በጣም ነው የነቀነቀው፤ ወንበሩ እስኪንቀሳቀስ። እሷ ወደ እኔ አየች። ማሽኑ ላይ ያለው «አዎ» እና «አይደለም» ነው፤ «አዎ» እንዲሞላ ደግሞ ቃሉ በድምፅ መቀዳት አለበት። ኃላፊዋ ተጠሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም መጥፎ ሰው አይደሉም። «እኔ አይቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ ግን ኦዲተር ሲመጣ የራስ ንቅናቄ ምን ብዬ አሳየዋለሁ?» አሉ። ያኔ አባዬ አፉን ከፈተ። ደም ሥሩ ተገትሮ፣ ምራቁ እየወረደ «ዱ» አለ። ከታመመ ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። ደጋገመው። «ዱ። ዱ።» እምነት አለቀሰች፤ ተሸካሚዎቹም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማሽኑ «ድምፁ አልተለየም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እባክዎ» የሚለውን የጨመርኩት ትሕትና ይኑረው ብዬ ነበር።

በጣትሽ አንዴ ብትነኪው ላሉኝ፤ አብሮኝ ይሠራ የነበረ መስፍን የሚባል ልጅ ነበር። ለአንዲት መበለት የተረሳ የልጇን ስም ጨመረላት። ልጁ አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሲስተሙ ግን ማን መቼ ምን እንደነካ ይመዘግባል፤ እንዲመዘግብ አድርገን የሠራነውም እኔና መስፍን ነን። መስፍን እስካሁን ቀጠሮ ይመላለሳል፣ በካቴና። የጨመረው እውነት ነበር። እውነት ግን ማኅተም ከሌለው ሰነድ ማጭበርበር ይባላል። እኔ ብታሰር አባዬን ማን ያገላብጠዋል?

ለኮሚቴው እንደገና አመልክቻለሁ። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ያስለዋል።

እስከዳር


ካይሮ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእስከዳር፣

እንኳን ከብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እኔ ፋሲካን በሐጀራ እጅ በተሠራ ወጥ ብቻዬን ፈሰክሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለሳምንት መልስ መጻፍ አቃተኝ። ቀልድሽን እወደዋለሁ፤ ቦጋለም እንደሚወደው አውቃለሁ፤ ምናልባት አንቺንም ያቆመሽ ይኸው ቀልድ ይሆናል። እኔን ግን አሁን ያመኛል ልጄ። ወንድሜ ስሜን ለመጥራት ታግሎ፣ «እንደገና ይሞክሩ» ተባለ ትይኛለሽ። እኔ ይህንን በሳቅ የማነብበት ጉልበት የለኝም።

ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። መኪና ግን አውቃለሁ። ፍሬን የሌለው መኪና ሰው ይገድላል፤ ፍሬኑ የማይለቅ መኪናም ሰው ይገድላል፣ በሽተኛ ጭኖ መንገድ ላይ ቆሞ። የእናንተ ሁለተኛው ነው።

ያስለዋል አልሽ። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ሲያስለው ምን ማለት እንደሆነ ካርቱም ብዙ አይቻለሁ። አትደብቂኝ።

እለምንሻለሁ። ጉልበትሽን ስሜ እለምንሻለሁ። ጻፊው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ከታሰርሽም መጥቼ በአንቺ ፋንታ እኔ እታሰራለሁ፤ ቢያንስ የምታሰረው እሱ ባለበት ከተማ ነው። የመስፍን ነገር ገብቶኛል። ገብቶኝም እለምንሻለሁ።

ለቦጋለ ይህን ብቻ አንብቢለት፦ ቦጌ፣ ሰምቼሃለሁ። ሌላ ቃል አትድከም። የጠራኸኝ ደርሶኛል፣ እየመጣሁ ነው።

ዱባለ


ከእስከዳር ጋር የቀረ፣ ያልተላከ፤ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ይህን አልልክልዎትም። ለአንድ ሰው መናገር ስላለብኝ ነው የምጽፈው፤ ልነግረው የሚገባኝ ሰው ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።

አባዬ ሰኞ አረፈ። «ሰምቼሃለሁ» ያሉትን አንብቤለት ነበር። በማግስቱ መተንፈስ አቃተው፤ ሐኪም ቤት አልጋ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ አንድ ቀን አሳለፈ፤ አልጋው ሲገኝ እሱ አልነበረም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ቢሮው ለምሳ ሲወጣ ቁጭ አልኩ። አንድ መስመር ነበር ጋሼ። ጻፍኩት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። መስፍን በካቴና ሲያልፍ እናቱ ብርቱካን ልትሰጠው ስትሞክር ታየኝ። መስመሩን አጠፋሁት። ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ነው ያጠፋሁት፤ ነገ ነገ ሲል የነበረው ወረዳው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጁነዲንና የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለእርስዎ እንዴት ይነገር ብለው ተመካከሩ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። በሰው አገር፣ በኪራይ ክፍል፣ ደረቱን ሲመታ እጁን የሚይዝለት በሌለበት አይነገረው አሉ። አገሩ ይግባ፣ እህል ይቅመስ፣ አንድ ሌሊት ይረፍ፣ ሲነጋ ሄደን እናረዳዋለን አሉ። ለሐጀራ ደውዬ ቃል አስገባኋት። አለቀሰች፣ ወላሂ አልናገርም አለች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ኮሚቴው ነው። ተጠግናለች። ሦስት ሰዎች ፋይል ይዘው ገቡና አንደኛው «የቤተሰቡ ኃላፊ አሉ?» አለ። ጁነዲን ተነሥቶ «ዛሬ አይመቻቸውም» አላቸው። ነፍስ ይማር ብለው ተቀመጡ፤ ንፍሮ ቀረበላቸው። ጸሐፊው ሲወጣ ቅጹ ላይ «በአካል አልተገኙም» ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

በማግስቱ ሞቱን ላስመዘግብ ሄድኩ። መብራት ነበረ። እምነት «ሟች» የሚለውን ስትነካ ለወራት የተቆለፈው ቅጽ ተከፈተ። በሕጉ ኃላፊው ሲሞት ኃላፊነቱ በዕድሜ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ማተሚያው ያለ ማንም ትእዛዝ ጮኸና አንድ ገጽ አወጣ፦ «የቤተሰቡ ኃላፊ አቶ ዱባለ ይገረም በአካል እንዲቀርቡ ለሚመለከተው ሁሉ ትብብር ይደረግላቸው።» የለመኑኝ ገጽ ነው። ለታመመ ሰው ያልነበረው መንገድ ለሞተ ሰው ነበረ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉን የጻፈው ኮሚቴ ይህንን የጠየቀኝ በመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር።

ገጹ ላይ ምክንያቱም ተጽፏል፦ «የቀድሞው ኃላፊ አቶ ቦጋለ ይገረም በሞት ስለተለዩ።» እንዲህ ብልከው የወንድምዎን መርዶ ኤምባሲ መስኮት ላይ፣ ወረፋ ውስጥ ቆመው፣ ከማኅተም ሥር ያነቡታል። ባልልከው ደግሞ እዚያው ይቀራሉ። ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ያንን መስመር ከገጹ አጠፋሁት። ከምሳ በፊት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ወይዘሮ አዲስዓለም ፈረሙ። ሲስተሙ ስሜን፣ ቀኑን፣ ያጠፋሁትንም ቃል መዝግቧል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ያነበዋል። ያንብበው። ለሕይወቱ ያልደፈርኩትን ለሞቱ ደፈርኩ። አባዬን ያሰብኩትን ያህል አልወደውም ነበር ማለት ነው ወይስ ፈሪ ነኝ ብቻ? በምን ዓይኔ ነው የማይዎት?


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዱባለ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ወረቀቱ ወጥቷል። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ዋናውን ወደ ካይሮ የሚበር የጁነዲን ዘመድ ሐሙስ ለሐጀራ ያደርስላታል። ኤምባሲው ሌላ ነገር ከጠየቀዎት ወዲያው ያሳውቁኝ። ቶሎ ይምጡ።

አባዬ ትንሽ ደከም ብሎታል። የላኩለትን ቃል አንብቤለታለሁ፤ ሰምቶዎታል።

እስከዳር


ካይሮ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብርሃኔ፣ ለልጄ ለእስከዳር፣

ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን፣ ቀጥሎም ለአንቺ! ሊሴ ፓሴው እጄ ላይ ነው። ኤምባሲው ወረቀትሽን አይቶ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝ። ቲኬቱንም ቆርጫለሁ፤ ሰኞ ሰኔ 9 ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ።

በፋሲካ የጻፍኩልሽን እርሺልኝ። ሽማግሌ ሲፈራ ይሳደባል። አንቺ በሕጉ መንገድ፣ ማንንም ሳትዋሺ አደረግሽው። ቦጋለ ምን ዓይነት ልጅ እንዳሳደገ መጥቼ በፊቱ እነግረዋለሁ። ሐጀራ ወረቀቱን ስታመጣልኝ ደጃፍ ላይ ቆማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ተይ ይህ የደስታ ቀን ነው አልኳት። ለሰው ደስታ እንዲህ የሚያለቅስ የሥጋ ዘመድም አላየሁ።

ቦጋለን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳታመጡት። ያ የወንበር ጉዞ ይበቃዋል። ለእሱ ለስላሳ የአንገት ልብስና ጥሩ ምላጭ ገዝቻለሁ፤ ጺሙን እኔ ስለምላጨው እስከዚያ ማንም አይንካው። ሰው እንዳትጠሩ፣ ድግስም እንዳታደርጉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከእሱ ጋር ብቻ ነው የማድረው፤ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ አወራለሁ፣ እስኪነጋ።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር። ወረቀቱ እኔን «የቤተሰቡ ኃላፊ» ይለኛል። አንቺ ራስሽ ደጋግመሽ እንደነገርሽኝ ያ ሲስተማችሁ አያደርገው የለም፤ ኤምባሲ ስለ ተቀበሉኝ ዝም አልኩ። ቦጌ ቁጭ ብሎ እያለ እኔ የምን ኃላፊ ነኝ? አይሆንም፣ ነውር ነው። ስመጣ አብረን ወረዳው ሄደን ቦታውን እንመልስለታለን። እስከዚያው ግን ይህንን አታንብቢለት፣ ቅር ይለዋል።

አጎትሽ ዱባለ